መሥራት ያልነበረበት መርፌ ለምን ሠራ? በትሎች ላይ ጂን ዝም ስለማሰኘት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ባጭሩ

በ1995 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች የአንዲት ትንሽ ትል አንድ ጂን ሥራውን እንዲያቆም ፈለጉ። ለዚህ የሚሆን አርኤንኤ (የጂን መልእክት የሚገለበጥበት ሞለኪውል) አዘጋጅተው በመርፌ ሰጧት። ሠራ። ለማነጻጸር ደግሞ ምንም ማድረግ የማይገባውን ሌላ አርኤንኤ ለሌሎች ትሎች ሰጡ። እሱም ሠራ። ያውም እኩል በሚባል ደረጃ።

ይህ ውጤት እስከ 1998 ድረስ አጥጋቢ ማብራሪያ አልነበረውም። ማብራሪያው ሲገኝ ግን የጂኖችን ሥራ የምናጠናበት መንገድ ተለወጠ። በ2006 ለሁለት ሰዎች የሕክምና ኖቤል ሽልማት አስገኘ። የባዮሎጂ ተማሪ መደምደሚያውን በአንድ መስመር ያውቀዋል፦ ባለ ሁለት ፈትል አርኤንኤ ጂን ዝም ያሰኛል። እኔን የሚስበኝ ግን እዚያ የተደረሰበት መንገድ ነው። ሙከራው እንዴት ታሰበ? የተመረጠው ጂን ለምን ተመረጠ? ነገሩን የፈታው የትኛው እርምጃ ነው?

ሰዎቹን በስም አልጠራም። ስማቸው በየመማሪያ መጽሐፉ አለ፤ እዚህ የምንፈልገው ሥራቸውን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ትሏ ሴኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስ ትባላለች፤ ባጭሩ ሲ. ኤሌጋንስ። ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሰው ላይ በሽታ አታመጣም። እንደ ወስፋት ሁሉ ከድቡልቡል ትሎች ወገን ናት፤ ኑሮዋ ግን በበሰበሰ ፍራፍሬና ቅጠል ላይ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ የተዘረጋ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ እየበላች ትኖራለች።

ለምርምር የተመቸች ናት። ሰውነቷ ብርሃን ያሳልፋል፤ በሕይወት እያለች ውስጧን በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። ከእንቁላልነት ተነስታ እንቁላል እስክትጥል ሦስት ቀን ገደማ ይበቃታል። አብዛኞቹ ሁለቱም ጾታ ስላላቸው ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ፤ አንዷ 300 ያህል ትወልዳለች። ያደገች ትል 959 የሰውነት ሴሎች አሏት፤ ከነዚህ 302ቱ የነርቭ ሴሎች ናቸው። ቁጥሩ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አይለዋወጥም። አንድ ሴል ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ይታወቃል ማለት ነው።

ጂን የማጥናት የቆየው መንገድ ከምልክት ወደ ጂን ይሄድ ነበር። ትሎቹ ዲኤንኤ በሚያበላሽ ኬሚካል ውስጥ ይነከራሉ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ይጠበቃሉ። እንግዳ ጠባይ ያሳየው ይለቀማል። ከዚያ የተበላሸው ጂን የቱ እንደሆነ ፍለጋ ይጀመራል፤ ፍለጋው ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ችግሩ ተገለበጠ። የትሏ ዲኤንኤ ፊደል በፊደል እየተነበበ ነበር። ንባቡ በ1998 መጨረሻ ሲታተም 19,000 ያህል ጂኖች ተቆጠሩ። ጽሑፉ እጅ ገባ፤ የአብዛኞቹ ጂኖች ሥራ ግን አይታወቅም። አንዱን ጂን መርጦ «ይህ ባይኖርስ ትሏ ምን ትሆናለች?» ብሎ በፍጥነት መጠየቅ የሚያስችል ዘዴ ያስፈልግ ነበር።

ችግሩ

በወቅቱ ተስፋ የተጣለበት ዘዴ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ጂን ሥራ ሲጀምር መልእክቱ በአንድ ፈትል አርኤንኤ ይገለበጣል። ሴሉ ይህን መልእክት እያነበበ ፕሮቲን ይሠራል። እንግዲህ ከመልእክቱ ጋር ፊደል በፊደል የሚገጥም ተቃራኒ ፈትል ብንሰጠውስ? ይጣበቅበታል፤ ንባቡም ይቆማል። ማነጻጸሪያው ደግሞ ቀጥተኛው ፈትል ነው። የመልእክቱ ቅጂ ስለሆነ ሊጣበቅበት አይችልም። ምንም ማድረግ የለበትም።

የኮርኔሎቹ ጥያቄ ፓር-1 ስለሚባል ጂን ነበር። የትሏ ሽል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለት ሲከፈል እኩል አይከፈልም፤ የፊተኛው ሴል ከኋለኛው ይተልቃል። ፓር-1 ለዚህ ልዩነት ከሚያስፈልጉት ጂኖች አንዱ ነው። ሲበላሽ ሽሎቹ ይሞታሉ። ተመራማሪዎቹ ያገኙት የዲኤንኤ ክፍል በእርግጥ ፓር-1 መሆኑን ለማሳየት ተቃራኒውን ፈትል ወጉ። ሽሎቹ ልክ እንደ ፓር-1 ጉድለት ሆነው ሞቱ። ቀጥተኛውን ፈትል ሲወጉም ያው ሆነ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሁለት ምቹ መውጫዎች አሉ። አንደኛው ማነጻጸሪያውን ከጽሑፉ ማውጣት ነው። ሁለተኛው ዘዴውን «አይረባም» ብሎ መጣል ነው። ኮርኔሎቹ ሁለቱንም ትተው ውጤቱን እንዳለ፣ ከነግራ መጋባቱ አሳተሙት። በኔ እይታ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ውለታ የነሱ ነው፤ ኖቤሉ ሌላ ቦታ ቢሄድም።

ግራ መጋባቱ የትል አጥኚዎች ብቻ አልነበረም። በ1990 ፔቱኒያ የተባለች አበባ ላይ ቀለሟን ለማድመቅ ተጨማሪ የቀለም ጂን ያስገቡ ተመራማሪዎች ነጭና ዝንጉርጉር አበቦች አግኝተው ነበር። ኒውሮስፖራ በተባለ ሻጋታ ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ትሎቹ ደግሞ የራሳቸው ተጨማሪ እንቆቅልሽ ነበራቸው። አርኤንኤው የተወጋው አንድ ቦታ ሆኖ ውጤቱ በመላ ሰውነት ይታያል፤ ወደ ልጆችም ይተላለፋል። ተራ መጣበቅ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ነገሩን የያዙት በባልቲሞር የካርኔጊ ተቋምና በዉስተር የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ያሉ ሁለት ላብራቶሪዎች ናቸው። ተባብረው የሠሩት ጽሑፍ በየካቲት 1998 ታተመ።

መጀመሪያ የጠረጠሩት ቱቦውን ነው። አርኤንኤው የሚሠራው ከባክቴሪያ ቫይረስ በተገኘ ኢንዛይም ነበር። ኢንዛይሙ ጎበዝ ቢሆንም ፍጹም አይደለም፤ አልፎ አልፎ የተሳሳተውን ወገን ይገለብጣል። ስለዚህ «ተቃራኒ» የሚል ጽሑፍ ባለበት ቱቦ ውስጥ ጥቂት ቀጥተኛ አለ። «ቀጥተኛ» በሚለውም ውስጥ ጥቂት ተቃራኒ አለ። ሁለቱ ሲገናኙ ይጣመሩና ባለ ሁለት ፈትል ይሆናሉ። ሁለቱ ቱቦዎች እኩል የሠሩት በሚጋሩት ነገር ይሆን? የሚጋሩት ነገር ደግሞ ቆሻሻው ነው።

ቀጥሎ ጂን መምረጥ መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። የተመረጠው አንክ-22 ነው። በጡንቻ ውስጥ ለሚገኝ ፕሮቲን መመሪያ የሚሰጥ ጂን ነው። ሲዳከም ትሏ አትሞትም፤ ትንቀጠቀጣለች። ይበልጥ በተዳከመ ቁጥር መንቀጥቀጡ ይብሳል። ይህ ማለት መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ሳይሆን «ምን ያህል» የሚለውንም ይጨምራል። እንደ ፓር-1 ያለ ጂን ቢመረጥ ኖሮ የሚታየው ሞት ይሆን ነበር፤ ሽል ደግሞ በብዙ ምክንያት ይሞታል። መንቀጥቀጥ ግን ከአንክ-22 ውጭ በቀላሉ የሚመጣ ምልክት አይደለም። በዚያ ላይ የጂኑ መልእክት በአንድ የጡንቻ ሴል ውስጥ በሺዎች ይቆጠራል። ጥቂት አርኤንኤ ይህን ሁሉ ካጠፋ፣ አንድ በአንድ በመጣበቅ አለመሆኑ ያለ ክርክር ይታያል።

ከዚያ ማጥራት። ሁለቱን ፈትሎች ለየብቻ አጠሯቸው። ለየብቻም፣ ቀላቅለውም ወጉ። ለየብቻ ሲወጉ፣ በጣም ብዙ ካልተሰጠ በቀር ምንም የሚታይ ነገር የለም። ተቀላቅለው ባለ ሁለት ፈትል ሲሆኑ ግን ልጆቹ ተንቀጠቀጡ። ድብልቁ ከነጠላዎቹ ቢያንስ 100 እጥፍ የበረታ ነበር።

አንድ ብልህ ማጣሪያም ጨመሩ። አንዱን ፈትል ወግተው ቆይተው ሌላውን ወጉ። በመሃል ያለው ጊዜ አጭር ሲሆን ውጤቱ ጠንካራ ነው። ሲረዝም በጣም ይደክማል። ነጠላ ፈትል ትሏ ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ይበላሻል፤ አጋሩን በጊዜ ካላገኘ ከንቱ ነው ማለት ነው።

በመጨረሻ የት እንደሚሠራ ጠየቁ። ጂን ውስጥ ተገልብጠው በኋላ ከመልእክቱ ተቆርጠው የሚወጡ ክፍሎች አሉ። በነዚህ ልክ የተሠራ ባለ ሁለት ፈትል አርኤንኤ ምንም አላመጣም። በተጠናቀቀው መልእክት ልክ የተሠራው ግን ሠራ። ስለዚህ የሚመታው ዲኤንኤው ሳይሆን መልእክቱ ነው። ሜክስ-3 በተባለ ሌላ ጂን ላይ ደግሞ መልእክቱን ሽሎች ውስጥ በቀጥታ ፈለጉት። ባለ ሁለት ፈትል በተሰጣቸው ሽሎች ውስጥ መልእክቱ ጠፍቶ ነበር። ንባብ መቆም ብቻ ሳይሆን ራሱ መልእክቱ አልነበረም።

የተገኘው

ከጽሑፉ ቁጥሮች አንዱ ሁሌም ያስደንቀኛል። ከሞከሯቸው መጠኖች ዝቅተኛው ለአንዲት ትል ከእያንዳንዱ ፈትል 60,000 ያህል ሞለኪውል ነበር። ይህ መጠን በአማካይ 100 ልጆችን አንቀጠቀጠ። አንክ-22 ሥራ የሚጀምረው ሽሉ 500 ያህል ሴል ሲኖረው ነው። ስሌቱን እናንተም ሥሩት፦ 60,000 ለ100 ልጅ፣ ከዚያ ለ500 ሴል። ለአንድ ሴል አንድ ወይም ጥቂት ሞለኪውል ቢደርሰው ነው። ይህ ኢምንት በሺዎች የሚቆጠር መልእክት አጠፋ። እርሾ ከቡሆው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ ሥራው ግን በመጠኑ አይለካም። እዚህም ሴሉ ውስጥ የሚያባዛ ነገር እንዳለ ግልጽ ሆነ።

አሠራሩ በተከታዮቹ ዓመታት ተገለጠ። ዳይሰር የተባለ ኢንዛይም ባለ ሁለት ፈትሉን ከ20 ጥቂት በሚበልጡ ፊደሎች ልክ ይቆራርጠዋል። አርጎኖት የሚባሉ ፕሮቲኖች ቁራጩን ይዘው ከሱ ጋር የሚገጥመውን መልእክት ፈልገው ያጠፋሉ። ትሏ ደግሞ በዚህ ላይ አርኤንኤን ከአርኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም አላት፤ ብዜቱ ከዚያ ነው። ከሴል ወደ ሴል መተላለፉን የሚያስችለው ዋናው በር ሲድ-1 የተባለ ፕሮቲን ሲሆን በ2002 ታወቀ።

ያልሠራው ወይም በግማሽ የሠራው

መርፌ አድካሚ ነው። ትሏን አንድ በአንድ በማይክሮስኮፕ ሥር ይዞ መውጋት ለ19,000 ጂን አያዋጣም። እዚያው 1998 ላይ ሌላ ነገር ተሞከረ፦ ትሏ የምትበላው ባክቴሪያ ራሱ ባለ ሁለት ፈትል አርኤንኤ እንዲሠራ ማድረግ። ትሏ በላችው፤ ጂኗም ዝም አለ። ትሏን አርኤንኤ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ መዘፍዘፍም እንደሚሠራ በዚያው ዓመት ታየ።

ማብላቱ መጀመሪያ ደካማ ነበር። ተራ ኢ. ኮላይ ባለ ሁለት ፈትል አርኤንኤን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለው፤ የተሠራውን ራሱ ያጠፋዋል። ይህ ኢንዛይም የሌለው ኤችቲ115 የተባለ ዝርያ ላይ ሲዞሩ ነገሩ ተሻሻለ። ይህም በ2001 ታተመ። ዛሬም የትል ላብራቶሪዎች የሚጠቀሙት እሱን ነው።

ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ ጅምላ ገባ። በ2003 የታተመ ጥናት 16,757 የባክቴሪያ ዓይነቶች አዘጋጅቶ ከትሏ ጂኖች 86 በመቶ ያህሉን አንድ በአንድ ዝም አሰኘ። 1,722ቱ ላይ የሚታይ ለውጥ ተገኘ። ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከዚያ በፊት ምልክታቸው የማይታወቅ ጂኖች ነበሩ። ትልቅ ምርት ነው።

የተቀረው ግን ዘጠኝ አሥረኛው ነው፤ ምንም አላሳየም። ይህን «ሥራ የላቸውም» ብሎ ማንበብ ስሕተት ነው። አንዳንዶቹ በቂ ዝም አልተባሉም። አንዳንዶቹ የሚሸፍንላቸው ዘመድ ጂን አላቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ሳህን ላይ የማይታይ ሥራ ይኖራቸዋል። የነርቭ ሴሎች በተለይ እምቢ ይላሉ፤ ሲድ-1 በብዛት የሚገኘው ከነርቭ ውጭ ባሉ ሴሎች ነው። ስለዚህ ለነርቭ ጥናት ሲድ-1 እዚያው እንዲሠራ የተደረጉ ወይም ለዝምታው ይበልጥ ተጋላጭ የሆኑ ዝርያዎች ይመረጣሉ። ከሃዋይ የመጣ አንድ የዱር ዝርያ ደግሞ በእንቁላል አፍሪው ክፍሉ ላይ ዘዴውን በደንብ አይቀበልም፤ ፒፒደብሊው-1 የሚባል ጂኑ ስለተበላሸ ነው። ያው ትል፣ ሌላ ዝርያ፣ ሌላ መልስ።

ድግግሞሹም ያስቸግራል። በ2003 የታተመ ሌላ ትልቅ ጥናት ያው ሙከራ እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ ሲደገም እንኳ ከ10 እስከ 30 በመቶ ልዩነት እንደሚመጣ አሳይቷል።

ለሌላ ሥራ የሚተርፈው

ቱቦ ላይ የተጻፈውና ቱቦ ውስጥ ያለው አንድ ላይሆን ይችላል። በኮርኔል ጉዳይ ማነጻጸሪያው አልዋሸም። የዋሸው መለያው ነው። ማነጻጸሪያ ሲያምጽ «ዘዴው ተበላሸ» ከማለት በፊት ሁለቱ ናሙናዎች ምን እንደሚጋሩ መጻፍ ይጠቅማል። እዚህ ዝርዝሩ አጭር ነበር፦ ያው ኢንዛይም፣ ያው አሠራር፣ ያው ቆሻሻ።

የጂን ምርጫም የሙከራው አካል ነው። አዲስ ዘዴ የሚፈተሸው ሥራው ቀድሞ በሚታወቅ ጂን ላይ ነው። ምልክቱ በዓይን የሚታይ፣ ደረጃ ያለውና ሌላ ምክንያት የማያመጣው ቢሆን ይመረጣል። ዛሬም ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ አዲስ ተማሪ የማብላት ሙከራ ሲጀምር መጀመሪያ አንክ-22ን ይሰጡታል። ትሎቹ ካልተንቀጠቀጡ ባክቴሪያው ወይም አርኤንኤውን እንዲሠራ የሚቀሰቅሰው ኬሚካል ችግር አለበት፤ ስለ አዲሱ ጂን ገና ማውራት አይቻልም። ከጎኑም ምንም የትል ጂን ያልገባበት ኤል4440 የተባለው ባዶ ተሸካሚ (ጂን ወደ ባክቴሪያ የሚገባበት ዲኤንኤ) መኖር አለበት፤ ያውም በዚያው ኤችቲ115 ባክቴሪያ ውስጥ። አንዳንድ ሰው ለማነጻጸሪያ የትሎቹን የዘወትር ምግብ፣ ኦፒ50 የተባለውን የኢ. ኮላይ ዝርያ ይሰጣል። ይህ ልክ አይደለም። ምግቡ ሲቀየር የትሏ እድገት ራሱ ሊቀየር ይችላል፤ ልዩነቱ የጂኑ ይሁን የምግቡ አይታወቅም።

ምልክት ሲገኝስ? እኔ ብሆን ከዚያው ጂን ሌላ ክፍል ላይ፣ ከመጀመሪያው ጋር የማይደራረብ ሁለተኛ አርኤንኤ አሠራለሁ። ሁለቱም አንድ ምልክት ከሰጡ ልቤ ይረጋል። አንዱ ብቻ ከሰጠ ምናልባት የተመታው ተመሳሳይ ፊደል ያለው ሌላ ጂን ነው። የጂኑ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) ያለባት ትል ካለች ደግሞ ከእሷ ጋር ማስተያየት ከሁሉ ይሻላል። ምልክት ሲጠፋም መልእክቱ በእርግጥ መቀነሱን መለካት ይገባል፤ ሳይለኩ «ጂኑ አያስፈልግም» የሚል ድምዳሜ ጽፎ መላክ ግን የተለመደ ድፍረት ነው።

የቱቦው ነገር በትል አላበቃም። ለክትባትና ለሕክምና የሚሆን መልእክተኛ አርኤንኤ (ኤምአርኤንኤ) የሚሠራው በዚያው ዓይነት የቫይረስ ኢንዛይም ነው። ቆሻሻውም ያው ነው። የሰው ሴል ግን ባለ ሁለት ፈትል አርኤንኤ ሲያገኝ ቫይረስ የገባበት ይመስለውና ይቆጣል። በ2011 የታተመ ጥናት ይህን ቆሻሻ ክሮማቶግራፊ በተባለ ሞለኪውሎችን የመለያ ዘዴ አጥርቶ ሲያወጣ የመከላከያው ቁጣ በረደ፤ ከመልእክቱ የሚመረተው ፕሮቲንም በጣም ጨመረ። የኤምአርኤንኤ ክትባት አምራቾች ዛሬም በምርታቸው ውስጥ የቀረውን ባለ ሁለት ፈትል አርኤንኤ ይለካሉ።